ስምንት አባት በመራጮች መዝገብ

የመራጮችን መዝገብ ይዤ ከደብራችን ቅጥር ውጭ ካለው ወይራ ሥር በተቀመጥኩባቸው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አንድ ነፍስ እንኳ አልመዘገብኩም። ጠረጴዛውን ከቤቴ በጫንቃዬ ያመጣሁት እኔ፣ ቀለሙን ከንፋስ መውጫ ከተማ በኪሴ ይዤ መጥቼ እጀ ጠባቤን ያበላሸሁት እኔ፣ ጥላው በዞረ ቁጥር ጠረጴዛ እየጎተትኩ የምዞረው እኔ። የአገሩ ሰው ግን ከቅዳሴ ሲወጣ «እንዴት አደርክ» ይለኝና መልሴን ሳይሰማ ዳገት ዳገቱን ዞሮ ይሄዳል። በአጠገቤ የሚያልፈው አቋራጭ ሣር አበቀለ ብል ማጋነን ነው፤ ቢሆንም የማወራው እንደተናደድኩት መጠን ነው።

ሰዉን ያስፈራው መዝገቡ ነበር። በእኛ በጋይንት የመንግሥት ወረቀት ተዘርግቶ ስም ከተጠየቀ፣ ቀላድ ሊጣል ነው፣ መሬት ተለክቶ ግብር ሊጨመር ነው ተብሎ ይታመናል። በፊተኛው የፓርላማ እንደራሴ ምርጫ ከደብራችን የተመዘገቡት ጭቃ ሹሙ፣ ገበዙና ከእነርሱ ጋር መጣላት ያልፈለጉ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በዚህኛው ምርጫ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት «የተማረ የአገር ልጅ ይመዝግብ» አለና ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ። የተማርኩት እንኳ እንዲህ ነው፦ እዚሁ ጋይንት ወዳለችው ቤተ ልሔም ደብር ሄጄ ድጓ ጀመርኩ፣ ሳልጨርስ ተውኩት፣ ንፋስ መውጫ ገብቼ ስምንተኛ ክፍል ደረስኩ፣ አባቴ ሲሞት ወደ ሞፈሬ ተመለስኩ። ለቀሳውስቱ ያልበሰልኩ ደብተራ፣ ለገበሬው የማልረባ አራሽ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር አባቴ የተወልንን መሬት እያረስን እንኖራለን።

በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ በጨጨሆ በኩል የተራቡ ሰዎች መጡ። ላስታና ዋግ ሁለት ክረምት ዝናብ ነሥቷቸው ኖሮ፣ ከብቱ አልቆ ሰው ራሱ መንገድ ጀምሮ ነበር። ብዙው ወደ ንፋስ መውጫ ሲያልፍ መራመድ ያቃታቸው እኛ ዘንድ ቀሩ፤ በደጀ ሰላሙና በተማሪ ቤት ጎጆዎች ያረፉት ሠላሳ ቢሆኑ ነው። እውነቱን ለመናገር የደብራችን ሰው በዚያን ጊዜ ያደረገውን ሳስብ ዛሬም ልቤ ደስ ይለዋል። ገበዙ ቤቱን ሁሉ በተራ መደቡና አንድም ሰው ተራውን አላሳለፈም። የማኅበሩ ጠላና ዳቦ ወደ ደጀ ሰላሙ ዞረ። በንፍገቱ የምናማው ጎረቤታችን እንኳ አንድ ቁና ገብስ ተሸክሞ ሲሄድ አይቼ ዓይኔን አላመንኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የማወራው ሌላ ስለሆነ ነው።

ወደ እናቴ ደጅ የመጡት አንድ ሽማግሌ፣ ምራታቸውና ሁለት ሕፃናት ነበሩ። የሽማግሌው ልጅ፣ የሕፃናቱ አባት ማለት ነው፣ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሽማግሌው ረጅም፣ ከሲታ፣ በርኖሳቸው ተቀዳዶም አለባበሱን ያልረሱ ሰው ነበሩ። ከአጥሩ ውጭ ቆመው ለእናቴ የተናገሩት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

«እመቤቴ፣ እስከ መስከረም ብቻ አስጠጉን። ገብስ እስኪደርስ። እነዚህ ልጆች ከዚህ ወዲያ አይራመዱም፤ እኔም በክረምት መንገድ ላይ ወድቄ መቅረቴ ነው።»

«ቤቱ የጥጃ ቤት ነው፤ ካልናቃችሁት ግቡ» አለች እናቴ፣ ጥጆቹን በዚያው ቅጽበት እያስወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥጆቹ የሚያድሩት እኔ የምተኛበት ክፍል ሆነ። ማንም አልጠየቀኝም።

በአራተኛው ቀን፣ ባዶውን መዝገብ ይዤ ዝንብ ሳባርር፣ እኒያ ሽማግሌ በትራቸውን ተመርኩዘው መጡና ከፊቴ ቆሙ።

«ምን ትጽፋለህ ልጄ?»

«እንደራሴ የሚመርጥ ሰው ስም ነው አባቴ። የዚህ አገር ነዋሪ ስም።»

«እኛስ አሁን የት ነው የምንኖረው?»

ሳቅኩ። ቀጥሎ ግን ባዶውን ገጽ አየሁት። ቅዳሜ ከጽሕፈት ቤቱ ሰው መጥቶ ሥራዬን ሊያይ ነው፤ ባዶ መዝገብ ሳሳየው ምን እንደሚለኝ እያሰብኩ ሦስት ቀን ተብሰልስያለሁ። የተሰጠኝ መመሪያ «በቦታው የሚኖር» ይላል እንጂ ስንት ጊዜ የኖረ እንደሆነ አይናገርም። ያዘንኩላቸው መስሎ እንዳይነበብብኝ፤ የጻፍኳቸው ገጼ ባዶ ስለነበረ ነው።

ስማቸውን ጠየቅኩ፤ ነገሩኝ። የአባታቸውን ስም ጠየቅኩ፤ ነገሩኝ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። በእኛ አገር ግን ሽማግሌ አባት መቁጠር ከጀመረ አይቋረጥም፤ ነውር ነው። እርሳቸው በትራቸውን በአንድ እጅ ይዘው፣ ዓይናቸውን ከድነው፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ቆጠሩ። እኔም ብዕሬን ይዤ ተከተልኳቸው። «ሥራ» የሚለውን ዓምድ አልፌ፣ «ዕድሜ» የሚለውን አልፌ፣ ወረቀቱ ዳር ደረስኩ። ስምንተኛው ላይ እጄ ቆመ። የስምንተኛው አባት ስም እኛ አፍ እንደፈታን የምንማረው ደብራችንን መጀመሪያ ያቀናው የአቅኚው አባት ስም ነበር፤ መሬት ሲካፈል የሚጠራው እርሱ ነው።

«ስምንተኛው ከእናንተ ነው ይለኝ ነበር አባቴ» አሉ ዓይናቸውን ገልጠው። «ስድስተኛዋ ሴት ናት። ከዚህ ተድራ ነው ላስታ የሄደችው። እንግዳ አይደለንም ልጄ።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው በርቶ ነበር። ሲበሉ ከከረሙበት ቤት በባዶ እጅ ላለመቀመጥ አንድ ነገር ያመጡ መስሏቸዋል። ከኋላቸው ሁለት ካህናት ቆመው ይሰሙ ኖሯል፤ ቀና ስል የሁለቱም ፊት ተለውጧል። ሠርክ ሳይደርስ የደብሩ ሰው ሁሉ ሰማ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ በእኛ አገር ርስት የሚያዘው በዘር ቆጠራ ነው። ከአቅኚው አባት በወንድም በሴትም የተወለደ ሁሉ፣ የትም ይኑር የት፣ ቆጥሮ ከደረሰ ድርሻዬን ስጡኝ ማለት ይችላል። ሕፃናቱም በእርሳቸው በኩል ይቆጥራሉ። የተማሪ ቤቶቹ ውስጥ ያሉት እንግዶችስ ማን እንደሆኑ ማን ያውቃል?

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጠረጴዛዬን ተሸክሜ ስደርስ ወይራው ሥር ሰው እንደ ጥምቀት ተሰብስቧል። ቀላድ ሊጣል ነው ብሎ የሸሸኝ ሁሉ አሁን እርስ በርሱ እየተጋፋ ነው። መዝገቡን የፈሩት እነርሱ፣ መዝገቡ ውስጥ ያልተጻፈ ርስቱን ያጣል ብለው የመጡትም እነርሱ። እኔ ቆሜ ለፈለፍኩ።

«ይህ የምርጫ መዝገብ ነው። የመሬት አይደለም። ስምና የአባት ስም ብቻ ይበቃል።»

«የላስታውን ስምንት አባት ጽፈህ የእኔን አንድ ልትጽፍ?» አለኝ ያ ንፉግ ጎረቤታችን። «አሥር እቆጥራለሁ። ጻፍ።»

ምን ላድርግ? ጻፍኩ። የመጀመሪያው አሥር ከቆጠረ ሁለተኛው አሥራ አንድ ይቆጥራል። አንዱ የሞተ ወንድሙን ካልጻፍክ ብሎ እጄን ያዘኝ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሆዷን እያሳየች «ይሄንንም በአባቱ በኩል ጨምርልኝ» አለችኝ፤ በሳቅና በንዴት መካከል ሆኜ ዕድሜው ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው ይምጣ አልኳት፤ ተቀይማኝ ሄደች። መመሪያውን ጮክ ብዬ ባነበብኩ ቁጥር ዝም ብለው ያዳምጡኛል፣ ስጨርስ «አዎ፤ አሁን የአያቴን አባት ጻፍ» ይሉኛል። ወረቀቱ አልቆ ከቆሎ ተማሪ ወረቀት ተበድሬ በሙጫ ቀጠልኩበት። ቅዳሜ የመጣው የጽሕፈት ቤቱ ሰው መዝገቡን አገላብጦ «ከአውራጃው ሁሉ የእናንተ ሕዝብ ነቅቷል» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። 

ለእንደራሴነት የሚወዳደሩት ሁለት ነበሩ። ማንበብ ለማይችለው መራጭ ምልክት ተሰጥቷቸዋል፤ የአንዱ ፋኖስ፣ የሌላው ዣንጥላ። ባለ ፋኖሱ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ ጫማው ጭቃ የለመደ ሰው ነው። እንግዶቹ እንደመጡ ሰሞን ደብራችን መጥቶ ተናግሮ ነበር። «ከተመረጥኩ የመንግሥት እህል እዚህ ድረስ በበቅሎ እንዲመጣ እጠይቃለሁ። እንግዶቹ እስከ መስከረም ይቀመጣሉ፣ የእናንተም ጎተራ አይራቆትም» አለ። ሴቶቹ እልል አሉለት። ገበዙ መረቁት። በዚያን ቀን ምርጫ ቢሆን ኖሮ ሌላው ሣጥን ባዶውን ይመለስ ነበር።

ባለ ዣንጥላው የባላባት ልጅ ነው፤ እስከዚያ ቀን እግሩ ደብራችንን ረግጦ አያውቅም። የመዝገቡ ወሬ ሲደርሰው በበቅሎ መጣ። ከበቅሎውም አልወረደም።

«ንግግር አላበዛም» አለ። «እኔን ከመረጣችሁ እንግዶቹ ንፋስ መውጫ ይወርዳሉ፤ መንግሥት እዚያ ይቀልባቸዋል። ርስታችሁ ላይ ማንም አይቆጥርም።»

በቃ። ስለ መንገድ አልጠየቁትም፣ ስለ ትምህርት ቤት አልጠየቁትም፣ ፓርላማ ገብቶ ምን እንደሚሠራ አልጠየቁትም። በሳምንቱ ባለ ፋኖሱ ሲመለስ ውሃ የሚሰጠው ጠፍቶ እናቴ ናት ያጠጣችው። እልል ያሉለት ሴቶች በራቸውን ዘጉ። ሰው በአንድ ወር ውስጥ እንዲህ ይገለበጣል ብሎ የነገረኝ ቢኖር አላምነውም ነበር። ደግሞ እኮ እንግዶቹን ማብላታቸውን አላቆሙም። በተራቸው ዳቦ ይዘው ወደ ደጀ ሰላሙ ይሄዳሉ፣ ዳቦውን ያስረክባሉ፣ ሲመለሱ ስለ ዣንጥላ ያወራሉ። እብድ የሚያደርገኝ ይህ ነበር።

ሽማግሌውን ራሳቸውን የጠየቀ የለም። እኔ ጠየቅኳቸው።

«አባቴ፣ መሬት ሊጠይቁ አስበዋል?»

«እኔ?» አሉ፣ ጥጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ለእናቴ ገመድ እየገመዱ። «በሬ የለኝ፣ ዘር የለኝ፣ ልጅ የለኝ። በምን ላርሰው? የራሴ መሬት ላስታ አለችልኝ። ዝናብ ሲመለስ እመለስባታለሁ። አባቶቼን የቆጠርኩት እኮ ዘመድ መሆናችንን እንድታውቁ ነው።»

ይህን ይዤ ጭቃ ሹሙ ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ክፋት የማላውቅባቸው ሰው ናቸው። ጨርሼ እስክናገር ሰሙኝ።

«ሰውዬው አይዋሹም» አሉኝ። «እርሳቸው አይጠይቁም። የልጅ ልጃቸው ሲያድግ ግን ይጠይቃል። የተጻፈለት ነገር አለዋ፤ አንተው ጽፈህለታል። ደግሞ ልንገርህ፤ ያቺ ላስታ የተዳረችው ሴት ድርሻዋን የተወችው ለወንድሟ ነው። ከወንድሟ የሚወለደው አባትህ ነው። ከቤታችሁ በታች ያለችው፣ ምንጩ ዳር ያለችው መሬት የእርሷ ናት። ቢቆጠር መጀመሪያ የሚደረሰው እናንተ ላይ ነው።»

ከዚያ በፊት በአገሬው ስናደድ ከርሜ ነበር፤ በድንቁርናቸው፣ በጭፍንነታቸው፣ ያልተባለ በመስማታቸው። ከጭቃ ሹሙ ቤት ስወጣ ግን ያቺን መሬት ነበር የማስበው። ካለን መሬት ሁሉ ደህናዋ እርሷ ናት፤ ጥቁር አፈር፣ ክረምት ቢያንስ እንኳ የማታሳፍር። በማግስቱ ሳርሳት ትልሙን እየቆጠርኩ ራሴን ያዝኩት። ሽማግሌው ከጥጃው ቤት ደጃፍ ሆነው «በርታ ልጄ» አሉኝ። አልመለስኩላቸውም። ያልሰማሁ መስሏቸው ደገሙልኝ።

እናቴ ስለ ምርጫው አንድ ቃል አትናገርም። ተመዝግባለች፤ እንደ ሰዉ ሁሉ አባቶቿን አስቆጥራ አጽፋለች። ለማን እንደምትመርጥ ስጠይቃት «አንተ በሬህን ፍታ» ትለኛለች። ስለ ምንጩ ዳር መሬት ስነግራት ሰማችኝና ለሕፃናቱ ገንፎ ልታገነፋ ተነሣች። እርሷም ያው ናት ብዬ ደመደምኩ። የእኔ እናት ከአገሬው በምን ትለያለች?

ምርጫው የዋለው ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። በደጀ ሰላሙ በረንዳ ላይ ሁለት የእንጨት ሣጥን ተቀመጠ፤ በአንዱ ፋኖስ በሌላው ዣንጥላ ተለጥፏል፤ ሣጥኖቹ በሸማ ተጋርደዋል። መራጩ ስሙ ሲጠራ ካርዱን ተቀብሎ፣ ከግርዶሹ ኋላ ገብቶ፣ ወደ ፈለገው ሣጥን ይከታል። ስም የምጠራው እኔ ነበርኩ። ያን ሁሉ አባት ሲጠራ እንዳይመሽ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስሞች ብቻ ስጠራ «ሙሉውን ጥራ» የሚሉኝ ነበሩ። የጽሕፈት ቤቱ ሰው እየሳቀ ሰዓቱን ያያል።

የሽማግሌውን ስም ስጠራ በርኖሳቸውን አስተካክለው ከምሰሶው ሥር ተነሡ። እናቴ አጥባላቸው ነበር። ሁለት እርምጃ ሳይራመዱ የጎረቤታችን ድምፅ ተሰማ። «እንግዳ አይመርጥም» አለ። ሌላውም ተቀበለው። ግቢው ሁሉ ጉም ጉም አለ። የጽሕፈት ቤቱ ሰው ወደ እኔ ዞረ።

«መዝጋቢው አንተ ነህ። እኒህ ሰው የዚህ ቦታ ነዋሪ ናቸው ወይስ አይደሉም?»

አዎ ብል ኖሮ ይመርጡ ነበር። በጥጃችን ቤት ሁለት ወር ሙሉ ሲያድሩ ሳያቸው ከርሜ፣ ነዋሪ ናቸው ለማለት ከእኔ የተሻለ ምስክር አልነበረም። ሽማግሌው ምንም ሳይጠራጠሩ ያዩኛል። ጭቃ ሹሙም ያዩኛል።

«ለጊዜው ያረፉ እንግዳ ናቸው» አልኩ። «በስሕተት ነው የጻፍኳቸው።»

ለራሴ የሰጠሁትን ምክንያት አስታውሳለሁ። ስማቸው ከተሰረዘ የሰዉ ፍርሃት ይበርዳል፣ ፍርሃቱ ከበረደ እስከ መስከረም ይተዋቸዋል አልኩ። የሚያምር ምክንያት ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ሰው ማስመሪያውን አስቀምጦ ከመስመሩ ጫፍ እስከ ጫፍ በቀይ ሰረዘው። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም፤ ቀዩን መስመር ግን አዩ።

«የሰረዘው እኔን ነው» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ወይስ አባቶቼንም?»

ቀጣዩን ስም ጠራሁ። ተመልሰው ምሰሶው ሥር ተቀመጡ። ተራዬ ሲደርስ ካርዴን ይዤ ከግርዶሹ ኋላ ገባሁ። ዣንጥላው ላይ ከተትኩ። 

ሣጥኖቹ በሕዝብ ፊት ተከፈቱ። የዣንጥላው ሣጥን ሲገለበጥ ካርዱ ጠረጴዛውን ሞልቶ ፈሰሰ። የፋኖሱ ሣጥን ተገልብጦ ቂጡ ቢመታ ቢመታ አንዲት ካርድ ብቻ ወደቀች። የሰዉ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ሽማግሌውን መዝገብ ላይ ያወጣ፣ ባለ ፋኖሱን ደጋግሞ ያነጋገረ፣ ሲለፈልፍ የከረመ ከእኔ ሌላ ማን አለ? አንዱ «ያስታውቃል» አለ። እኔም ሁሉም እንዲያ ሲያስቡ ዝም አልኩ። የገረመኝ የካርዷ ነገር ነው፤ ከከተታት ሰው በቀር የእኔ እንዳልሆነች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት እንግዶቹ ይውረዱ የሚል ወረቀት መጣ። ዝናቡ ሌት ተቀን አያቋርጥም። የደብሩ ሰው ተሰብስቦ ሸኛቸው፤ አንዱ ቆሎ፣ አንዱ ድርቆሽ፣ አንዱ ያረጀ ደበሎ ይሰጣል። የሚያለቅሱም ነበሩ፤ ከልባቸው ነው የሚያለቅሱት፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ልፈርድባቸውም ልተዋቸውም ያልቻልኩት። «መርጣችሁ አይደል?» ብዬ መጮኽ አማረኝ። ግን በምን አፌ?

እናቴ ትንሹን ሕፃን በጀርባዋ አዝላ እስከ ወንዙ ሸኘቻቸው። እኔ ወንዙን አሻገርኳቸው። ከወዲያ ማዶ ሽማግሌው እጄን ያዙኝ።

«መዝገቡ ግን አለ አይደል?»

«አለ አባቴ።»

«ቢሰረዝም ይነበባል?»

«ይነበባል» አልኳቸው። መዝገቡ ተጠቅልሎ ወደ ንፋስ መውጫ ከሄደ ሳምንታት አልፈውታል።

«ደግ» አሉ። ወደ ምራታቸው ዞረው «ሰማሽ? አባቶቻችን እዚያ አሉ» አሏት። ሄዱ።

ስመለስ መንገድ ላይ ያገኘኝ ጎረቤታችን «ፋኖስህ ጨለመች» ብሎ ሳቀብኝ። ቤት ገብቼ ንዴቴን እናቴ ላይ ተወጣሁ። እስከ ወንዝ አዝለሽ መሸኘትሽ ምን ዋጋ አለው፣ ካርድሽን ከሰዉ ጋር ከተሽ የለም ወይ አልኳት። ጥጆቹን ወደ ቤታቸው እየመለሰች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«ያቺ አንዷ የእኔ ናት» አለችኝ። «ያንተ መስሏቸዋል። ይምሰላቸው። ለሰው አልናገርብህም።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስታብኝ አታውቅም። ምንጩ ዳር ያለችውን መሬት ደግሞ የምታውቀው ከእኔ ቀድማ ነበር።

መስከረም ገብቶ ገብሱ ሲደርስ፣ ምራትየዋ አንዱን ሕፃን አዝላ ሌላውን በእጇ ይዛ ወደ አገሯ ስትመለስ በደጃችን አለፈች። ላስታ ዘንቧል አሉ። ሽማግሌው አብረዋት የሉም፤ በሐምሌ መጨረሻ ንፋስ መውጫ ዳር ካለች ቤተ ክርስቲያን ተቀብረዋል። እናቴ አልቅሳ፣ አስቀምጣት፣ እሸት ጠብሳ አበላቻት። እንግዳዋ ከበላች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«የመጣሁት ላስቸግርህ ነው ወንድሜ» አለች። «የልጆቼን አባቶች የሚቆጥር እርሳቸው ብቻ ነበሩ። አገሬ ስገባ የባሌ ዘመዶች ቁጠሪ ይሉኛል፤ ካልቆጠርኩ ልጆቼ መሬት የላቸውም። እኔ የማውቀው የባሌን አባትና አያት ነው። አባባ መዝገብ ላይ አሉ ብለውኛል። አንብብልኝ።»

መዝገቡ ንፋስ መውጫ ተጠርዞ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት መሄዱን ነገርኳት። በኋላ ራሴ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ የት እንደገባ የሚያውቅ አላገኘሁም። «በቃልህስ?» አለች። «የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበርክ አሉኝ።» ወረቀትና ብዕር አመጣሁ። ቤተ ልሔም ሳለሁ አንዴ የሰማሁትን ዜማ በማግስቱ አልሳሳትም ነበር፤ የኔታ ሳይቀሩ በማስታወሴ ይመኩብኝ ነበር።

የሽማግሌውን ስም ጻፍኩ። አባታቸውን እርሷ ነገረችኝ፣ ጻፍኩ። ከታች ደግሞ ስምንተኛውን፣ የእኛን አቅኚ፣ ጻፍኩ። ሰባተኛውን ጻፍኩ። ስድስተኛዋን፣ ላስታ የተዳረችውን ሴት ጻፍኩ፤ መሬቷን ሁለት ወር ሙሉ ሳስብ ስለከረምኩ ስሟ ከአፌ አይጠፋም። ያስፈሩኝን ሁሉ አንድ ሳላጓድል አስታወስኩ። በመካከል ያሉትን የላስታን ሰዎች፣ ልጆቿን ከመሬታቸው የሚያገናኙትን ግን ቁጭ ብዬ ብደክም፣ ዓይኔን ብከድን፣ እንደ እርሳቸው በትር ይዤ ብቆም ሊመጡልኝ አልቻሉም። ሲነገሩኝ ብዕሬ እንጂ ጆሮዬ አልሰማቸውም ነበር።

ወረቀቱን መካከሉን ባዶ ትቼ ሰጠኋት። ማንበብ ስለማትችል ሙሉ መስሏት አጣጥፋ በጉያዋ ከተተችው። «አራቱ ጠፍተውኛል» ብዬ እስክነግራት ድረስ ስትመርቀኝ ነበር።